«ኤ» የሚል ሰው

አዳማ የተከራየነው መጋዘን ከመቂ የሚመጣ ሽንኩርት ይራገፍበት ነበር። ግድግዳውን ሁለቴ ኖራ ብንቀባውም ሽታው አልለቀቀም። እኔና ባልደረቦቼ ደግሞ እዚያ ውስጥ ለተመልካች በብርሃንና በድምፅ ሐይቅ ልንሠራ ተነሣን፤ ፕሮጀክተሮቹ የአብያታን ውኃ ግድግዳውና ወለሉ ላይ ያፈስሳሉ፣ ከጨለማው ደግሞ የአዳዳ ድምፅ ተረቱን ይተርካል።

አዳዳ የአባቴ እህት ናቸው፣ ቡልቡላ ይኖራሉ። ተረቱ የእሳቸው ስለሆነ፣ ካልወደዱት በሩ ለሕዝብ እንደማይከፈት ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ለእኔ ግን ያ በር አለመከፈቱ የሞት ያህል ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ያለምኩት መከፈቱን ብቻ ነው።

ተረቱ እንዲህ ነው። ሐይቁ ጥንት ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ሰው እያዋራው ተቀመጠ፣ የሚያዋራው ያጣ ቀን ግን ተነሥቶ ይሄዳል። አዳዳ ይህን በኦሮምኛ ሲነግሩኝ እኔ ሄድፎን አድርጌ፣ ትንፋሼን እንኳ ውጬ እቀዳ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ይሉና ዝም ብለው ያዩኛል። እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። እርጅና ነው፣ እየረሱ ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ኋላ ኤዲት ሳደርግ ያን ዝምታ ሁሉ ቆርጬ ጣልኩት፤ በሙያዬም ኮራሁ።

ሥራው ሲያልቅ ከቡልቡላ አስመጣኋቸውና መሀል ላይ ወንበር ሰጠኋቸው። ውኃው ወለሉን ይዞ ሲመጣ እንዳይረጥብባቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ድምፁ ሲጀምር ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቺን ሴትዮ ማነው የሚያሳድዳት?» አሉኝ ሲያልቅ።

ሴትዮዋ እርስዎ ነዎት አልኳቸው።

«እኔማ ‹ኤ› እስኪሉኝ እጠብቃለሁ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ‹አዎ፣ እየሰማሁ ነው› የሚለኝ ከሌለ ለማን ነው የማወራው? ያን ቀን አንተም አፍህን ዘግተህ ስትቀመጥ፣ ልጁን አሞታል ብዬ ነው የጨረስኩልህ።»

አፈርኩም፣ ሳቅኩም። እሳቸው ደጅ ሻይ ሲጠጡ ሳይቆረጥ በፊት የነበረውን ቅጂ መልሼ ጫንኩና እንደገና ገባን።

ድምፃቸው አንድ ዐረፍተ ነገር አለና ቆመ። ውኃው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቡልቡላም አዳማም ያልሆነ፣ እንቅልፍ ሊወስድህ ሲል የምትደርስበት ዓይነት ቦታ ላይ የተቀመጥን መሰለኝ። «ኤ» አልኩ። ልክ በዚያች ቅጽበት ድምፁ ቀጠለ፣ እኔን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል። እንዲያ ስንቀባበል ውኃው ከእግራችን ሥር ቀስ እያለ ሸሸ፤ ነጭ የደረቀ አፈር ብቅ አለ።

መጨረሻው ላይ እንግዳው ተነሥቶ ሄደ። የቀጠለው ዝምታ ከሁሉም ይረዝም ነበር። የደረቀውን አፈር እያየሁ «ኤ» ማለት አቃተኝ። አዳዳ ለገዛ ድምፃቸው በቀስታ «ኤ» አሉለት።

«ክፈቱት» አሉ ሲነሡ፣ «ግን የሚመልስላት ሰው አይጥፋ።»

ይኸው ተከፍቷል። ጨለማው ውስጥ ጥግ ይዤ የምመልስላቸው እኔ ነኝ።