መታወቂያ ጠይቂ ያሉኝ ጋሽ ሙሉጌታ

አይ፣ አላምንም። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስገባ "ጋሽ ሙሉጌታ አረፉ" ሲሉኝ "የትኛው ሙሉጌታ?" አልኩ። ቢሯችን ውስጥ ሌላ ሙሉጌታ የለም እኮ።

አርብ ዕለት በአንድ ታክሲ ነው የሄድነው። እኔ ሽሮ ሜዳ ስወርድ "ሰኞ እንዳታረፍጂ" ብለውኝ ወደ ቁስቋም ቀጠሉ። ድንገት ልባቸው ቆሞ ነው ይላሉ ሰዎቹ። በቃ።

ለማታውቋቸው፣ የሳይበር ደህንነት ክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። ኮሌጅ አቋርጬ አባቴ ሱቅ ነጠላ ስሸጥ የነበርኩትን ልጅ ለተለማማጅነት የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። አለቆቹ "ዲግሪ የሌላትን?" ሲሏቸው "ሥራዋን እንየው፣ ወረቀቱ ይደርሳል" አሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ምን ሠራሁ መሰላችሁ? ኩታ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከባድ ፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ያለ ካርድ የማይከፈተውን በር በካርዴ ከፈትኩላቸው። ከዚያማ ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ብድግ ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩና ውሃ ላመጣላቸው ሄድኩ። ኮምፒውተሬ እንደተከፈተ!

ስመለስ ሽማግሌው በእኔ ኢሜይል ለጋሽ ሙሉጌታ "በሰላም ገብቻለሁ" ብለው ልከዋል። ለካ የጋሽ ሙሉጌታ አጎት ናቸው፣ እኔን እንዲፈትኑ የተላኩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መባረሬ ነው ብዬ ቆሜያለሁ፣ ጋሽ ሙሉጌታ መጥተው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። "አንቺ ልጅ፣ ያሳደጉሽ ይመስገኑ። ግን ይሄን አስተዳደግሽን ሌባም ያውቀዋል። አክብሪ፣ ከዚያ መታወቂያ ጠይቂ።"

ከዚያ ወዲህ አለቃ ነኝ ያለ ሁሉ ደውሎ የይለፍ ቃል ሲጠይቀኝ ዞር ብለው ያዩኝ ነበር። "አክብሪ፣ ከዚያ መታወቂያ ጠይቂ።"

ዛሬ በጣም ደክሞኛል። ስልክ ሳነሳ ነው የዋልኩት፣ ሁሉም "እውነት ነው እንዴ?" ይላል። ሥራው ደግሞ ሰው ሞተ ብሎ አይቆምም። ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ በመጣ ቁጥር እንባዬን ጠርጌ አያለሁ። ምንም ችግር ካልተፈጠረ የሚያመሰግን የለም፣ ከተፈጠረ የምንወቀሰው እኛ ነን። ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻሉት?

በቅርቡ የተቀበሏቸው ሁለት ተለማማጆች አሉ። እሳቸው ባይጨቀጭቁ ኖሮ መሥሪያ ቤቱ ተለማማጅ አይቀበልም ነበር። አሁን "ከእንግዲህ ይቀራል" የሚል ወሬ ከሰዓት በኋላ መጣ። ልጆቹም ሰምተዋል። አንዷ ቦርሳዋን እንዳነገተች "እህቴ፣ ነገ እንምጣ ወይስ ይቅርብን?" አለችኝ። ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ጋሽዬ፣ ከቀብርዎ መልስ ኑ ብያቸዋለሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም። አለቆቹ ይቆጡ፣ ለመከራከር ጉልበት ባይኖረኝም እከራከራለሁ። ማስተማሩን አላውቅበትም፣ እርስዎን እንዳየሁት እሞክራለሁ።

ብዙ ደከሙልን። እግዚአብሔር ነፍስዎን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልኝ። ልጆቹን እኔ አያቸዋለሁ፣ እርስዎ ይተኙ ጋሽዬ።