ማጨጃውን የጎተትን ቀን

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ሰቆጣ ተመድቤ ስሠራ ነው። ብዙ ዘመን አለፈው፤ ዛሬም ግን ቀንበር የተሸከመ ገበሬ በአጠገቤ ሲያልፍ ክብደቱ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል።

የትውልድ አገሬ ጎጃም ነው። ሰቆጣ የሄድኩት በመካኒክነት ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ነበር። ሣሩን የምናጭደው እንደ ትራክተር ወንበሩ ላይ ተቀምጠው በሚነዱት ትንሽ የማጨጃ መኪና ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ስደርስ እዚያው አገኘሁት።

ማጨጃው ክፉ አመል ነበረው፤ ቶሎ አይነሣም። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ብዙ ይለፋና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ነው የሚነሣው። ካንዴላውን ቀየርኩ። የባትሪውን ራስ ጠረግሁ። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሳየው የቤንዚኑ ጎማ ቱቦ በፀሐይ ብዛት ተሰነጣጥቋል። መኪናው ሲቆም በስንጥቁ አየር ይገባና ቤንዚኑ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። የሚያስፈልገው ክንድ የማይሞላ ጎማ ነበር።

አለቃዬ ሽጉጥ ታጥቆ የሚዞር ኃላፊ ነው። ነገርኩት። «ሥራ ላለመሥራት ሰበብ አታብዛ» አለኝ። ደጋግሜ ብለምነውም አልሰማኝም።

ከዚያ ከበላይ አካል እንግዶች በአውሮፕላን ይመጣሉ ተባለ። ኃላፊው ሕዝቡን ሜዳው ላይ ሰብስቦ እንዳጭድ አዘዘኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ አቃሰተ፣ አቃሰተ፣ ባትሪው አለቀ።

ኃላፊው አልተቆጣም። ፈገግ አለ። «የኢኮኖሚ አሻጥር ማለት ይኼ ነው» አለና እዚያው አጠገብ ከሚያርስ ገበሬ ቀንበር አስመጣ። አንገቴ ላይ አስጭኖ ማጨጃውን በገመድ አሳሰረብኝ።

«እንግዲህ አንተ ሞተር ሁን» አለ።

ሞተሩ ካልሠራ ስለቱ አይዞርም፤ ብጎትተው አንዲት ሣር አይቆርጥም። ይህንኑ ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

መጎተት ጀመርኩ። ጠባቂዎቹ ይስቃሉ። ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡት ገበሬዎች በአገሩ ቋንቋ በኻምጣንጋ የሆነ ነገር ተባብለው መሬት መሬቱን ያያሉ። ያን ጊዜ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኡመር በቅሏቸውን እየሳቡ ከሰው መሃል ወጡ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው።

«ጌታዬ፣ በቅሎዬ ትጎትት፤ ልጁን ይተዉት» አሉ።

ኃላፊው በቅሎዋን አየ፤ ቀጥሎ እሳቸውን አየ። «ቀንበር የሚፈልገው ጥንድ ነው» አለ።

ሐጂን ከጎኔ ጠመዳቸው። ጥምጥማቸው ወደቀ፤ ደፍሮ ያነሣላቸው አልነበረም።

«ሐጂ፣ በእኔ ምክንያት…» ስል አቋረጡኝ።

«ዝም ብለህ እርገጥ፣ ልጄ። እሱን አትየው።»

የሜዳው ጫፍ ሳንደርስ በጉልበታቸው ተደፉ። ወገባቸው ነው። ወንዶች ልጆቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷቸው።

በማግስቱ የጎደለው ጎማ ብቻ መሆኑን ሰምተው ቁራጭ የጎማ ቱቦ ከገበያ አስፈልገው ላኩልኝ። ባትሪውን አስሞልቼ፣ የተሰነጠቀውን አውጥቼ እሱን ገጠምኩ። ቁልፉን ገና ስነካው ሞተሩ ተነሣ። ኃላፊው ድምፁን ሰምቶ መጣና ወንበሩ ላይ ወጣ። ሜዳውን አንዴ ዞሮ ሲመለስ ለጠባቂዎቹ «አያችሁ፣ ሲቀጡት ይሠራል» አላቸው። ማጨጃውን ይሁን እኔን፣ አልጠየቅሁም።

ማታውን ሐጂ ቤት ሄድኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

«መኪናው ተነሣ?» አሉኝ።

«ተነሣ ሐጂ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጎሽ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እሳቸው ግን እኔ ከሰቆጣ እስክዛወር ድረስ ከዚያ አልጋ አልተነሡም። እንግዶቹም ሳይመጡ ቀሩ።

ኃላፊው በኋላ የት እንደገባ አላውቅም። ይቅር በለውና ይውጣልህ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የራሴን ምናልባት እተውለት ይሆናል። የሐጂን ወገብ ግን በማን ሥልጣን ይቅር እላለሁ?