ከቆጡ የወረደችው ልጄ

ልጄን ፈዛዛ ይሏት ነበር። ቃሉን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ መንደሩ ግን ተሽቀዳድሞ ተቀበለው። ጨው አምጪ ሲሏት ጓዳ ገብታ ትቀራለች፣ ምን ልታመጣ እንደገባች ጠፍቷት። ፊደል ስትቆጥር ጥቂት ትሄድና ዓይኗ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ገና ሰባት ዓመቷ ነው። እኛ መንዝ ውስጥ ደግሞ ቅጽል ስም አንዴ ከተለጠፈ አይለቅም። ጎረቤታችን ያሉ አንድ ሽማግሌ በልጅነታቸው አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ እንቅልፍ ቢጥላቸው፣ የልጅ ልጅ አይተውም ዛሬ ድረስ ከኋላቸው "እንቅልፋሙ" ነው የሚባሉት።

እኔ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ባለች ቀበሌ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። የሰው ልጅ ሳስተምር ውዬ ስመጣ የራሴን ፈዛዛ ሲሉብኝ ደሜ ይፈላል። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ባለቤቴ "አንቺን የሚችልሽ አባቴ ብቻ ነው" ይላል፤ እውነቱን ነው።

አባቱ ቄስ ናቸው፣ በደብሩ ፊደል የሚያስቆጥሩም እሳቸው ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ እላለሁ፤ ቤቱ የእሳቸው ስለሆነ ከእሳቸው ጋር የምንኖረው ግን እኛ ነን።

ቤቱ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ከላያችን ካለው ከጓሳ ተራራ የታጨደ ሣር ነው። መስኮት አልነበረውም። መሐሉ ላይ ያለው ምድጃ ከጥቅምት ጀምሮ ኩበት አይለየውም፤ ውርጩ መቼ ያስጠፋል። ከምድጃው በላይ፣ ክዳኑ ሥር፣ በእንጨት የተረበረበ ቆጥ አለ፤ በመሰላል ይወጣበታል። ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው። የኔታ ለብዙ ዓመት የሚተኙት እዚያ ነበር። ልጄ ጡት ስትጥል "ይቺን ልጅ አይብረዳት" ብለው ቦታቸውን ለቀቁላትና እሳቸው መደብ ላይ ወረዱ። ከልጅ ልጆቻቸው አብልጠው የሚወዱት እሷን ነው። ታላቅ ወንድሟ በሩ አጠገብ በባና፣ በዚያ በበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን፣ ተጠቅልሎ ይተኛል። ነፋሱ በስንጥቁ እየገባ ሌሊቱን ሲያፏጭበት ያድራል፤ ማንም አላዘነለትም።

ኅዳር ላይ የኔታ ከሩቅ ደብር አንዲት ትንሽ ቅል ይዘው መጡ። "ልብ መክፈቻ ነው" አሉኝ። ሥር ተቀምሞ በማር ተበጥብጧል፤ ትምህርት አልገባው ላለ ተማሪ የሚሰጥ ነው። "ይቺ ልጅ ልቧ ተዘግቷል። ትቅመሰው። ይኼም ካልከፈተላት ግን ፊደሉን ትተው፣ ቤት ትዋል። አላሠቃያትም።"

አንድ የቆሎ ተማሪ እንዲህ ያለውን ጠጥቶ ከራሱ ጋር ሲያወራ፣ አጥር ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። "የኔታ፣ በእርስዎ ላይ ቃል አላወጣም፤ ልጄ ግን አትቀምሰውም" አልኳቸው።

"አንቺ መድኃኒት አለሽ?"

አልነበረኝም። እልህ ግን ነበረኝ። "እስከ ገና ይታገሱኝ፤ ፊደሉን ትወጣዋለች" አልኩ። አንገታቸውን ነቅንቀው "እስከ ገና" አሉና ቅሏን ቆጡ ላይ ሰቀሏት።  ልጄ ከገና በኋላ ወይ ያንን ትጠጣለች፣ ወይ ዕድሜዋን ሙሉ ፈዛዛ እንደተባለች ትቀራለች።

በክረምቱ መሐል ሜዳ ለአስተማሪዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንዲት ባለሙያ ስለ አየር ብክለት ተናግራ ነበር። ጭስ ጉዳቱ ሳል ብቻ አይደለም አለች፤ ደቃቁ ብናኝ በሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፣ የልጅ አንጎል ደግሞ ገና እየተሠራ ስለሆነ ሊጎዳው፣ ትኩረቱንም ሊያሳጣው ይችላል። ሁሉም ተጣርቶ አላለቀም፣ ጥናት ላይ ነው ብላም ነገረችን። እኔ እቴ፣ አዲስ አበባ ያለችው እህቴና የታክሲው ጭስ ናቸው የታሰቡኝ። የጓሳን ነፋስ የሚተነፍስ ሰው ስለ ብክለት ምን አገባው ብዬ ዳቦዬን በልቼ ተመለስኩ።

የኔታ ቅሏን በሰቀሉ ሰሞን አንድ ማለዳ ልጄ አልነቃ አለችኝ። ወትሮ ከታች ነው የምጠራት። ያን ቀን ሰዓት ስለረፈደብኝ መሰላሉን ወጣሁ። ራሴ ቆጡ ላይ ብቅ ሲል ዓይኔ ተቃጠለ፣ ትንፋሼ ተያዘ። የቤቱ ጭስ ሁሉ እዚያ ተጠራቅሟል፤ መውጫ የለውማ። ልጄ እዚያ ውስጥ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ያቺ ባለሙያ ያለችው ሁሉ አንድ ሳይቀር ትዝ አለኝ። በሩ አጠገብ በብርድ የሚያድረው ወንድሟ ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ ሙቁን ቦታ ያገኘችው ግን ይችው ናት። የወደድናትን ልጅ መርጠን ጭስ ውስጥ አስተኝተናል። እዚያው መሰላሉ ላይ አለቀስኩ፤ ከጭሱም ነው፣ ከንዴቱም ነው።

ያን ቀን ማታ ልጄን አውርጄ ከወንድሟ ጎን አስተኛኋት። የኔታ ተነሥተው ቆሙ። "በውርጭ ልትገያት ነው?"

"ጭሱ ነው የሚያፈዛት" አልኩ።

"እኔ ተወልጄ ያደግሁበት ጭስ ነው።"

ክዳኑን ቀድጄ ጭሱን ላስወጣ ስል ደግሞ ጭራሽ ተቆጡ። "ጭስ ያልጠጣ ሣር በሁለት ክረምት ይበሰብሳል። ጓሳው ደግሞ አልተከፈተም። ቤቴን በምን ትከድኝልኛለሽ?" እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው። ጓሳ የሁላችን ነው፤ ቀን ተቆርጦለት ካልተከፈተ አንዲት እፍኝ ሣር የሚያጭድ የለም።

ስለዚህ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ባለቤቴን ይዤ፣ ከክዳኑ ዝቅ ብሎ ከምሥራቅ በኩል ሁለት ድንጋይ አስወጣሁ። ማን እንደ እኔ አዋቂ። በማግስቱ ከምሥራቁ ገደል ሽቅብ የሚነሣው ነፋስ በዚያው ገብቶ ጭሱን በሙሉ ፊታችን ላይ መለሰልን። አንዱ አንዱን ማየት እስኪያቅተው ድረስ ሁላችንም ሳልን። የኔታ ሳቃቸው አላቆም አለ። "በዚህ አገር ከምሥራቅ በኩል ቀዳዳ የሚከፍት አስተማሪ አየሁ" እያሉ ለመንደሩ አወሩ። እኔም ምላሴን ነክሼ ያንን አስደፈንኩና በማዶው፣ ነፋስ በማይመታው ወገን አስከፈትኩ። ጭሱ ተንጋግቶ ወጣ። ኩበቱንም በደንብ ሳይደርቅ አላስነካ አልኩ፤ እሳቱንም ደጅ አያይዤ ፍም ሲሆን አስገባዋለሁ። ጎረቤት ሳቀብኝ፣ ይሳቅ።

ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም። አንድ ማለዳ ስነቃ ልጄ ላይ ሁለት ባና ተደርቧል። አንደኛው የየኔታ ነው። እሳቸው መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ብቻ ለብሰው ተኮራምተዋል። 

ልጄ በአንድ ጀንበር ሌላ ሰው ሆነች አልልም። መጀመሪያ ጠዋት የሚይዛት ራስ ምታት ቀረ። ቀጥሎ ሳልቀሰቅሳት መነሣት ጀመረች። ከዚያ ጨው ብላት ጨው ይዛልኝ መጣች፤ ትስቁ ይሆናል፣ እኔ ጨውዋን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጭሱ ብቻ ነበር ብዬ አልምልም፤ እንቅልፉም ይሆናል፣ የእኔ ውትወታም ይሆናል። ከቆጡ ማውረዴ ትክክል እንደነበር ግን ያኔም አልተጠራጠርኩም፣ ዛሬም አልጠራጠርም።

የገና ዕለት ከቅዳሴ መልስ፣ ፀሐዩ ላይ፣ የኔታ አጎዛ አንጥፈው ልጄን የፊደል ገበታ ፊት አስቀመጧት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ወረደችው። አቡጊዳውን ጀመረች፤ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ቆመች። 

"አባባ፣ ጣትዎን ያንሡልኝ፣ ፊደሉን ሸፈኑብኝ" አለች።

ጣታቸውን አነሡላት፣ ጨረሰችው።

የኔታ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቅሏን ሊያወርዱ መሰላሉን ወጡ። ከወረዱበት ጊዜ ጀምሮ ቆጡን ረግጠውት አያውቁም፤ ቅሏንም የሰቀሉት ከታች ሆነው በዘንግ ነበር። የበዓሉ ወጥ በሁለት ምድጃ እየተሠራ ስለነበር ያን ቀን ጭሱ ከቀዳዳው አቅም በላይ ሆኗል። ሲያስሉ ሰማሁ። ቆዩ። ልወጣ ስል ወረዱ፣ ዓይናቸው ቀልቶ። ቅሏን እሳቱ ውስጥ ጣሏትና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

"እኔም በልጅነቴ እዚሁ ነበር የምተኛ" አሉ። "ከወንድሞቼ ሁሉ እናቴ የምትወደኝ እኔን ነበር።"

ቀጥለው "ጓደኞቼ ባንድ በጋ የጨረሱትን ፊደል እኔ ስንት በጋ ነው የፈጀሁበት። አለንጋ ሳልቀምስ የዋልኩበት ቀን የለም። ይኼንኑ ሥር ስንቴ አጠጡኝ። ልቤ የተዘጋ ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ" አሉ።

አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

"ፈዛዛው ነበር ስሜ" አሉ።

ከደጅ ልጄ አቡጊዳውን እንደገና ከመጀመሪያው ስትጀምረው ይሰማናል። ሁለታችንም እስክትጨርስ ድረስ አዳመጥናት።