ከቀትር በኋላ ኳስ ብቻ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል። ሜዳ ረግጦ አያውቅም፤ ስሙን ያወጣለት ቴሌግራም ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጎረቤቶች የሚነታረኩበትን ግሩፕ የሚያስተዳድረው እሱ ሲሆን ሕጉንም ያወጣው ራሱ ነው፦ እስከ ቀትር የሰፈር ጉዳይ፣ ከቀትር በኋላ ኳስ፣ ሲመሽ ፖለቲካ። ያለ ሰዓቱ የገባ መልእክት ይሰረዛል። በዚያ ሰፈር ውሃ እንኳ ሲቋረጥ ከቀትር በፊት መቋረጥ ነበረበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደንበኛውን ግራ ጉንጭ ላጭቶ ቀኙን አረፋ እንዳለበሰ ስልኩ ጮኸ። ስለ በረኛው ስህተት ክርክሩ በጦፈበት መሀል «እባካችሁ ጎረቤቶች» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ገብቷል። እባካችሁ ብሎ የሚጀምር የኳስ አስተያየት ደግሞ የለም። ዳኛው ማን እንደጻፈው እንኳ ሳያይ አረፋ በነካው አውራ ጣቱ ሰረዘው።

«ቀይ ነው?» አለ ደንበኛው በግማሽ አፉ።

«ለጊዜው ቢጫ።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ታላቅ እህቱ በሩን በርግዳ ገባች።

«አባዬ ጠፍተዋል! ግሩፑ ላይ ብጽፍ አንድ ሰው እንኳ አልመለሰልኝም!»

«መቼ ጻፍሽ?»

«አሁን ነዋ! ፊቴን ዞር ሳደርግ ግራጫ ኮታቸውን እንደለበሱ በባዶ እግራቸው ወጥተው ሄዱ። የገዛ ቤታቸው እንደሚጠፋቸው ታውቅ የለም እንዴ?»

ዳኛው አውራ ጣቱን አየ። ምላጩን አስቀምጦ ራሱ ጻፈ፦ «አባቴ ጠፍተዋል። ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ በባዶ እግራቸው ናቸው። ያያችሁ ደውሉልኝ።»

መልሱ ጎረፈ።

«ዳኛው፣ ሰዓቱ የኳስ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «የእኔ ቤት ቧንቧ ሲፈነዳ ሕግ ሕግ ነው ብለህ መልእክቴን ሰርዘህብኝ የለ?»

«ሽማግሌ የሚጠፋው የመንገድ መብራት ስለሌለ ነው» አሉ ጡረተኛው መምህር። «ጥያቄው የፖለቲካ ነውና ለማታ ይቆይ።»

«በጠራራ ፀሐይ ምን መብራት ነው የሚያወሩት፣ ጋሼ?» አለ ሌላው።

«አንተ የማን ደጋፊ እንደሆንክ እናውቃለን!»

አንዱ ድምፅ ይሰጥበት አለ። ዳኛው ሊሳደብ ጀምሮ ተወው፤ የሚናገሩት የእሱኑ ቃል ነበር። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ስልኩን ኪሱ ከትቶ እህቱን አስከትሎ ወጣ። ግማሽ የተላጨው ደንበኛም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ አብሯቸው ሮጠ።

በየሱቁ፣ በየበሩ ጠየቁ። ሦስት ዓመት ሲያስጠነቅቃቸው ቢኖርም ዳኛው አብዛኞቹን በመልክ አያውቃቸውም ነበር፤ አንዷ ዳቦ ሻጭ ግን ሽማግሌው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሲያዘግሙ አይታለች።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«አባዬ!»

ሽማግሌው እንደ እንግዳ አዩት። «ልጄን እየጠበቅኩ ነው። ሥራ ይበዛበታል።»

«ይመጣል» አለ ዳኛው። ከአጠገባቸው ተቀመጠ። እህቱ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። በአርባ አንድ ለአሥራ ሁለት ድምፅ ማስታወቂያው እንዲሰረዝ ተወስኗል፤ መሰረዝ የሚችለው አስተዳዳሪው ብቻ ስለሆነ ሁሉም እሱን እየጠበቀ ነው። እሱ የአባቱን እግር ጭኑ ላይ አድርጎ እሾህ ይነቅል ነበር።