የዋልቡርጋ ቲም ሁለት ጠርሙስ አልኮል

ዋልቡርጋ ቲም ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው ልከላከልላት ብዬ አይደለም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። በረዳትነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ። ሃምቡርግ ውስጥ ዊግና ሰው ሠራሽ ጺም እንደ እሷ የሚሠራ አልነበረም።

በጦርነቱ ጊዜ ናዚዎች ፕራግ ወስደው አይሁድን የሚያጥላላ ፊልም አሠሩን። ታሪኩ ተራ ነው፤ አይሁድ ከተማ ይገባል፣ ከተማው ይበላሻል፣ ሕዝቡ ያባርረዋል። ዳይሬክተሩ እውነተኛ ፊት እፈልጋለሁ ብሎ ከታሰሩት አይሁድ አርባ ወንዶች በጭነት መኪና አስመጣ። አንዱ የባንክ ጸሐፊ፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም፣ አንዱ ጸጉር አስተካካይ፤ ሁሉም ጺማቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ።

"እነዚህማ እኛኑ ይመስላሉ" አለ ዳይሬክተሩ ተናዶ። "ዋልቡርጋ፣ እስቲ አይሁድ አድርጊያቸው።"

አደረገቻቸው። ጸጉር አስተካካዩ ኤጎን ሌድረር ይባላል፤ ከታናሽ ወንድሙ ከሩዶልፍ ጋር ነበር የመጣው። ጠዋት ጠዋት ጺም ስትለጥፍበት "እመቤት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጺም ሳነሳ ኖሬ ዛሬ ይተከልብኝ?" ይላት ነበር። ትስቃለች። ሞራ የተቀባ ዳቦም በወረቀት ጠቅልላ ኪሱ ትከትለታለች። ሥራው ሲያበቃ ሙጫውን በአልኮል እያራሰች ቀስ አድርጋ ታነሳላቸዋለች፤ በደረቁ ከተነቀለ ቆዳ ይዞ ነው የሚመጣው።

በመጨረሻው ቀን የሥራ ኃላፊው ብቅ ብሎ "ነገ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ካምፑ ይጫናሉ፤ አልኮል አታባክኑባቸው" አለን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሙሉ ጠርሙስ ነበር። ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። አልኮል ያን ጊዜ በቅቤ ይለወጣል። ዋልቡርጋ ቁም ሳጥኑን ቆለፈችና ወደተሰለፉት ሰዎች ወጥታ "አልቋል" አለቻቸው። ከነጺማቸው ሄዱ። ቅቤውን አብረን በላነው።

ከጦርነቱ በኋላ ኦፔራ ቤቱ ሊቀጥራት ፈለገ። ግን የናዚ ተባባሪዎችን የሚለየው አጣሪ ኮሚቴ "ነጻ ናት" ካላላት መርፌ መያዝ አትችልም። ቄሱም ጎረቤቱም ለሁሉም ሰው ስለሚመሰክር የእነሱ ወረቀት ዋጋ አጥቶ ነበር። የአይሁድ ምስክርነት ግን በር ይከፍታል፤ ችግሩ የተረፈ አይሁድ ማግኘት ነው። ከአርባዎቹ አንድ ተገኘ፤ ኤጎን። ጻፈችለት፤ መጣ።

"አቶ ሌድረር፣ ይቀመጡ እንጂ" አለችው። ፕራግ እያለን "አንተ" ነበር የምትለው።

"አልቀመጥም። ዳቦ ሰጥተውኛል፣ እመሰክራለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከባቡሩ ስንወርድ አንድ ወታደር የሩዶልፍን ጺም ጎተተው። ጺሙ እጁ ላይ ቀረ። 'መልክህን ለውጠህ ልታመልጥ ነው' ብሎ እዚያው ተኮሰበት። የዚያን ቀን አልኮሉ እውነት አልቆ ነበር?"

"በእናቴ መቃብር፣ ጠብታ አልነበረም" አለች።

ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ ልጄ? አብረሽ ነበርሽ።"

እሷ ሥራ ካልገባች እኔም አልገባም። "አልቆ ነበር" አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰ። "ሌት ተቀን ሲያብሰለስለኝ ነበር። ካለቀማ ምን ታደርጉ" አለና ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። ሾርባ አቀረብንለት፤ ጠጣ። እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼው አላውቅም፤ ግን ተነስቼ ሾርባ ጨመርኩለት።

ኮሚቴው ፊት ስለ ዳቦው ተናገረ፣ ስለ እጇ ልስላሴ ተናገረ፣ ፈረመ። ነጻ ወጣች። በሳምንቱ ሁለታችንም ኦፔራ ቤቱ ገባን።

በዓመቱ ዳይሬክተሩ በዚያ ፊልም ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ኤጎን የከሳሽ ምስክር ሆኖ መጣ፤ እኛም ለመስማት ከኋላ ተቀምጠናል። ስለ አርባዎቹ፣ በመጨረሻው ቀን ከነጺማቸው ስለ መጫናቸውና ስለ ሩዶልፍ ተናገረ። የዳይሬክተሩ ጠበቃ ኤጎን ኮሚቴው ፊት የፈረመውን ወረቀት ይዞ ተነሳ።

"'በቀረጻው ቦታ በደግነት ተያዝን፤ ሙጫውን እንኳ ቆዳችን እንዳይጎዳ ቀስ አድርገው ነበር የሚያነሱልን።' ፊርማው የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ታዲያ የመጨረሻውን ቀን በደል የሚሉት ምኑን ነው?"

ኤጎን ውሸት የማይችል ሰው ነበር። "የዚያን ቀንስ አልኮሉ አልቆ ነው" አለ።

"በምን አወቁ?"

ዞሮ ወደ እኛ አመለከተ። "እነሱ ነገሩኝ። ሐቀኛ ሴቶች ናቸው።"

ዋልቡርጋ ቦርሳዋን ከፍታ መሀረብ መፈለግ ጀመረች። እኔ ጫማዬን አየሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ነግቶም አልጠራም። ዳይሬክተሩ ነጻ ወጣ። በቀጣዩ ጸደይ የፍቅር ፊልም ጀመረ፤ ዋልቡርጋንና እኔንም በስማችን ጠርቶ ቀጠረን። ተዋናዮቹ ሥራ ሲጨርሱ ጺማቸውን አንድ በአንድ እያራስን አነሳንላቸው። አልኮል እንደልብ ነበር።