የምንጩ ዳር ባሕር ዛፍ

አዳማ ውስጥ ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሳልፍ አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከሸተተኝ አባባ ትዝ ይለኛል።

የምንኖረው አርሲ ደጋ ነበር። አባባ ለአዲስ ቤት ብሎ ውሃ ከምንቀዳበት ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ ተክሎ ነበር። ዛፉ ሲያድግ ምንጩ እየቀጠነ ሄደ። አንድ በጋ፣ ገና ለምሰሶ ሳይደርስ፣ ሁሉንም ቆረጠው፤ እንዳያቆጠቁጥም ጉቶውን ቆፍሮ አወጣ። ቅርንጫፉን ስጎትት ውዬ እጄ ሲሸተኝ አደረ።

«ቤቱስ?» አለችው እማዬ።

«ውሃው ከሄደ እኛም ተከትለነው መሄዳችን ነው» አላት።

ወዴት እንደምንሄድ ግራ ገባኝ።

አባባ ቤቱን ሳይሠራ ሞተ። ምንጩ ግን አለ፤ እማዬም አጠገቡ፣ በድሮው ጎጆ። አዳማ መጥታ አብራኝ እንድትኖር በስልክ ስለምናት መልሷ ጥያቄ ነው፦

«ዛሬስ ውሃ መጣላችሁ?»