ከአልጋ አልጋ የዞረ መግል

የኛ ሰው በሽተኛ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። አንዱን ሊጠይቅ ከገባ ክፍሉን ሁሉ ካልዞረ፣ ብርድ ልብስ ካልገለጠ፣ ቁስል ካልዳሰሰ፣ ለሁሉም «እግዜር ይማርህ» ካላለ ነውር የሠራ ይመስለዋል። ጨዋነት ነው ይሉታል። እኔ እንጃ።

በዚያ የረሃብ ዘመን ሰዉ ከደጋ እየተሰደደ ድንበሩን ሲሻገር፣ እኔና ባሌ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ እያጨድን እንኖር ነበር። አንድ ቀን ባልንጀራው ሲያጭድ ማጭዱ ስቶት የባሌን ቅልጥም ቆረጠው። ሆስፒታል ወስደን አሰፋነው፤ ቁስሉም ቶሎ ይጠግግ ጀመር። እግር ለአጫጅ ምን እንደሆነ መቼም አይነገርም። እሱ ካልቆመ ሁለታችንም መብላታችን ያበቃ ነበር።

ችግሩ እትዬ ነበሩ። ሾዋክ የምትባል ጎረቤት ከተማ የከረሙ ባልቴት ናቸው፤ የአገራችን ሰው ታመመ ሲባል በአውቶቡስ ይመጣሉ። ድኖ የሚወጣ ሁሉ የተረፈውን ቀይና ጥቁር እንክብል ለእሳቸው ይሰጣል። እሳቸው እየፈለቀቁ ዱቄቱን በሌላው ቁስል ላይ ይነሰንሱና በጣታቸው ደልደል ያደርጉታል። ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳሉ፤ በዚያው ጣት።

ሱዳናዊው ሐኪም የበሽተኞቹን መግል ሲያይ ሰንብቶ አስታማሚዎችን ሰበሰበን። በዚህ ክፍል የገባው ጀርም መድኃኒቱን ለምዶታል፣ አይሞትም፣ በእጅ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል አለን። እንክብሉን ጀምሮ መተውና መነስነስ ነው ያለማመደው። ወደ ባሌ ዞረና፣ «የአንተ ገና ንጹሕ ነው። ኻላስ፣ በቃ፣ ማንም አይንካህ» አለው። አልጋውን በረንዳ አወጣንለት፤ እኔም ራስጌው ተቀመጥኩ።

እትዬ ክፍሉን ዞረው ሲጨርሱ ወደኛ መጡ።

«እትዬ፣ እዚያው ቆመው ይጠይቁት። ሐኪሙ አይነካ ብሏል» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ቆሻሻዋ? ደግ ነው፤ ያጎረሰ እጅ መነከሱ አይቀርም» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

እኔ ያልቅሱ ብዬ ከቦታዬ አልተነሣሁም። ባሌ ግን አልቻለም። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ ከጀርሙ በፊት ይዞት ኖሯል። «ኧረ ይተዋት እትዬ፤ ፈርታ ነው። ይኸው» ብሎ በገዛ እጁ ጨርቁን ፈታላቸው። እጃቸውን ብይዝ፣ «በሰው ፊት አታዋርጂኝ» ብሎ ተቆጣኝ። እሳቸውም እንባቸውን ጠርገው ነሰነሱና በዚያው ጣት ደልደል አደረጉለት።

ብዙም ሳይቆይ እግሩ አበጠ፤ አረንጓዴ መግል ያወጣ ጀመር። ሐኪሙ ያለውን መርፌ ሁሉ ሞክሮ ሲያቅተው «መዓሌሽ» አለኝ። ይቅርታ ማለቱ ነው። ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? ወይ እግሩ ወይ ነፍሱ ነበር የቀረው፤ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ሲነቃ ብርድ ልብሱ በአንድ ጎን ባዶ ፍራሽ ላይ ተኝቶ አየው። ወደ በሩ ዞረና፣

«እትዬ አልመጡም?» አለኝ። «አስቀይመሻቸው ነው። ሾዋክ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂልኝ።»